ገበሩ ተጨማደደ፣ ፊቱ ተነፋ፦ ትልቅ ኩዊልት ቤት ውስጥ ሲወሰወስ የሚገጥም ችግርና መፍትሄው

ለሜትር ከሃምሳ አልጋ የሚሆን ኩዊልት ሲዘረጋ ሳሎኑን ይሞላዋል። በየጎኑ ወረድ እንዲል 2.20 በ2.40 ሜትር ያህል መሆን አለበት። ከላይ ቅጥልጥሉ ጨርቅ (ፊቱ የምንለው)፣ መሃል ጥጥ ወይም ፋይበር፣ ከስር ገበር። ሦስቱ በዋናው ስፌት እስኪያዙ ድረስ እንዳይንሸራተቱ በረጃጅም ስፌት ይወሰወሳሉ። ክሩ በኋላ ተመዝዞ ስለሚጣል ብዙ ሰው ውስወሳውን ለይስሙላ ያደርገዋል። ከዚያ ወራት የፈጀ የእጅ ስፌት ያልቅና ሲገለበጥ ጀርባው ላይ እጥፋት ይገኛል።

የውስወሳ ክር የተጣመመውን አያቃናም። ወለሉ ላይ ያገኘውን እንዳለ ይይዛል፣ በቃ። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚፈጠሩት መርፌ ሳይነሳ ነው። ያኔ ቢታዩ ማስተካከሉ የደቂቃ ሥራ ነው።

ሲገለበጥ ገበሩ ላይ እጥፋት አለ

በጣም የተለመደው ይኼ ነው። ከላይ ሲታይ ምንም የለበትም። ሲገለበጥ ግን ገበሩ አንድ ቦታ ታጥፎ ክሩ በላዩ አልፏል።

መንስኤው ገበሩ ሲዘረጋ ላላ ማለቱ ነው። ጥጡ ከተነጠፈበት በኋላ ገበሩን ማንም አያየውም። እናንተ በጉልበታችሁ እየተንፏቀቃችሁ ትገፉታላችሁ። የላላው ሁሉ እየተገፋ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ይጠራቀማል።

ገበሩን ውስጡ ወደ ላይ፣ ውጭ የሚታየው ጎኑ ወደ ወለሉ አድርጋችሁ ዘርጉ። ከዚያ ቀለም ቀቢዎች ጠርዝ ለመሸፈን በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ወለሉ ላይ ለጥፉት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የአንዱን ጎን መሃል፣ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን ጎን መሃል፣ ከዚያ የቀሩትን ሁለት ጎኖች መሃል። ከመሃል ወደ ማዕዘን እየሄዳችሁ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ለጥፉ። ማዕዘን መጨረሻ ነው። ከማዕዘን የጀመረ ሰው ትርፉን መሃል ላይ ያሽገዋል።

ስትጨርሱ መዳፋችሁን ጨርቁ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደፊት ግፉ። ከመዳፋችሁ ፊት ትንሽ ሞገድ ከተነሳ ላልቷል። ካልተነሳ ጥጡን አንጥፉ።

ከተወሰወሰ በኋላ የታየ እጥፋት ከሆነ ሁሉን መፍታት አያስፈልግም። እጥፋቱ ወደየትኛው ዳር እንደሚቀርብ እዩ። ከእጥፋቱ እስከዚያ ዳር ያሉትን ክሮች ብቻ ቁረጡ። ትርፉን በመዳፋችሁ እየዳበሳችሁ ወደ ዳር አውጡት፣ እንደገና ወስውሱ። ዋናው ስፌት ካለፈበት በኋላ ከሆነ ግን የተሰፋው መፈታት አለበት። ስለዚህ ውስወሳው እንዳለቀ፣ ዋናው ስፌት ሳይጀመር፣ ኩዊልቱን ገልብጣችሁ ጀርባውን በሙሉ በእጃችሁ ዳብሱት። ዓይን ያለፈውን እጅ ያገኘዋል።

አንድ ሌላ ምክንያት አለ። ሁለት ቁራጭ ተጋጥሞ የተሠራ ገበር መጋጠሚያው ላይ ብቻ ሽብሽብ ካለ፣ የጨርቁ የፋብሪካ ዳር ሳይቆረጥ ተሰፍቷል ማለት ነው። ያ ዳር ከሌላው ጨርቅ ጠንከር ብሎ የተሸመነ ነው። ከሌላው ጋር እኩል አይለጠጥም፣ እኩልም አይኮማተርም። ቆርጣችሁ ጣሉትና አጋጥሙ። መጋጠሚያውን ከፍታችሁ ተኩሱት።

ፊቱ መሃል ላይ ተነፋ

ይኼኛው ሁለት መንስኤ አለው። መፍትሄያቸውም አይገናኝም።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን ብቻውን፣ ያለ ጥጥና ያለ ገበር፣ ወለሉ ላይ ዘርጉት። ብቻውንም ከተነፋ ወይም ዳር ዳሩ ከተወዛወዘ ጥፋቱ የውስወሳው አይደለም። ሲቀጣጠል የመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ዙሪያውን የሚሄደው ረጅም ቁራጭ ነው። ሳይለካ እየተሰፋ ሄዶ መጨረሻው ላይ ከተቆረጠ ከሚገባው በላይ ይረዝማል። ዳሩን ፍቱትና የፊቱን ርዝመት እንደገና ለኩ። የምትለኩት በመሃሉ ነው፣ በጠርዙ አይደለም፤ ጠርዝ ተለጥጦ ይዋሻል። ቁራጩን በዚያ ልክ ቆርጣችሁ፣ መሃሉን ከመሃል ጫፉን ከጫፍ በስፒል ይዛችሁ መልሳችሁ ስፉ።

ብቻውን ሲዘረጋ ለጥ ብሎ ከተኛ ግን ገበሩ ከመጠን በላይ ተወጥሯል። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ «ሳብ! ሳብ!» ሲባባል የሚመጣ ጣጣ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ቢባልም፣ ለዚህ ሥራ ከሁለት ሰው በላይ አልመክርም። ሁለተኛውም ሰው ይያዝ እንጂ አይሳብ። የተወጠረ ገበር ፕላስተሩ ሲነሳ ወደ ልኩ ይሰበሰባል። ፊቱ ግን አብሮ አይሰበሰብም። ትርፉ ወደ ላይ ይነፋል።

ይህን አስቀድሞ ማወቂያው ቀላል ነው። ገበሩን ለጥፋችሁ ስትጨርሱ ከአንዱ ጎን መሃል አንድ ፕላስተር አንሱ። ጨርቁ ባለበት ከቆየ ልክ ነው። የጣት ስፋት ያህል ወደ ውስጥ ከሸሸ ተወጥሯል። ሁሉንም አንስታችሁ ቀለል አድርጋችሁ ለጥፉ። ተወስውሶ ካለቀ በኋላ ከሆነ የታያችሁ ግን አቋራጭ የለውም፣ መፍታት ነው። ትርፉ ጥቂት ሲሆን ብቻ በመርፌ ቁልፍ እያከፋፈላችሁ፣ በየረድፉ ትንሽ ትንሽ እየሰጣችሁ ልታስወግዱት ትችላላችሁ።

ገበሩ አልደረሰም፤ ወይም ከታጠበ በኋላ ሁሉ ነገር ተኮማተረ

ገበሩ ከፊቱ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር መብለጥ አለበት። ለ2.20 በ2.40 ፊት 2.40 በ2.60 ገበር ማለት ነው። ስፋቱ 1.50 የሆነ ጨርቅ ከሆነ እያንዳንዳቸው 2.60 የሆኑ ሁለት ቁራጮች፣ በድምሩ 5.20 ሜትር ይፈልጋል። አቡጀዲ ከሆነ ጨመር አድርጋችሁ ግዙ፤ አቡጀዲ ውሃ ሲነካው ይገባል። ሳይቆረጥ በፊት አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ተኩሱት። ሳይታጠብ ከተሰፋ ደግሞ መጀመሪያ በታጠበ ቀን ገበሩ ገብቶ ፊቱን ሁሉ ያጨማድደዋል። መጨማደዱን የሚወዱ አሉ። ያረጀ ኩዊልት ያስመስለዋል ይላሉ። ካልወደዳችሁት ግን ያኔ ማስተካከያ የለውም።

ማዕዘኑ ተጣመመ፣ ጥጡ በአንድ ጎን አለቀ

ውስወሳው ከዳር ተጀምሯል ማለት ነው። ከዳር ሲጀመር እያንዳንዱ ስፌት የላዩን ጨርቅ በጥቂቱ ወደፊት ይገፋዋል። ሁለት ሜትር ላይ ሲደርስ ያ ጥቂት ተደማምሮ ትልቅ ነገር ይሆናል።

ከመሃል ጀምሩ። ሦስቱንም በየተራ ለአራት እጠፏቸውና መሃላቸውን ምልክት አድርጉ። ለፊቱና ለገበሩ በካውያ ጫን የማለት ያህል ይበቃል። ለጥጡ ስፒል ሰኩበት። ሦስቱ መሃሎች ይገጣጠሙ። መጀመሪያ መስቀል ሥሩ፤ ከመሃል ወደ አራቱ ጎኖች። ከዚያ ከመሃል ወደ አራቱ ማዕዘኖች። ቀጥሎ በመካከል ያለውን ክፍተት በረድፍ ሙሉ።

ወለላችሁ ሴራሚክ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። የሴራሚኩን ፉጋ እንደ ማስመሪያ ተጠቀሙበት። የገበሩን ሁለት ጎኖች ከፉጋው መስመር ጋር አስተካክላችሁ ለጥፉ። ከዚያ ጥጡና ፊቱ ሲነጠፉ ከገበሩ ትርፍ ውጪ የሚታየው ፉጋ ቀጥ ማለታቸውን ይነግራችኋል። ሊሾ ላይ ከሆናችሁ በጠመኔ መስመር አስምሩ። ጣውላ ወለል ላይ ግን መርፌው ይቧጭራል። ካርቶን ከስር አንሸራቱበት።

ለረጅም ረድፍ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ክሩን ለሙሉው ርዝመት ቁረጡ፤ ለ2.40 ረድፍ 2.80 ያህል። መሃል ላይ ወጋ አድርጋችሁ ግማሹን ክር ብቻ ሳቡ። ግማሹ ተንጠልጥሎ ይቅር። ከመሃል እስከ አንዱ ዳር ወስውሱ። ከዚያ ተመልሳችሁ የቀረውን ግማሽ መርፌ ላይ አድርጉና ወደ ሌላው ዳር ሂዱ። መሃል ላይ ቋጠሮ የለም፣ የምትጎትቱት ክርም ግማሽ ነው።

ዋናው ስፌት ሲሰፋ ሦስቱ ይንሸራተታሉ

ረድፎቹ ተራርቀዋል ወይም ስፌቱ ከመጠን በላይ ረዝሟል። ከላይ የሚታየው ስፌት ከ4 እስከ 5 ሳንቲ፣ ከስር የሚያልፈው 1 ሳንቲ ገደማ ይሁን። በረድፍና በረድፍ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። መለኪያ መያዝ የሰለቸው ጡጫውን ይጠቀም። የትም ቦታ ጡጫችሁን ብታስቀምጡ ክር መንካት አለበት። ካልነካ እዚያ አንድ ረድፍ ጨምሩ። የድሮውን አትፍቱ።

የረድፉ ጫፍ ላይ ቋጠሮ አትቋጥሩ። ወደ ኋላ መልሳችሁ ሁለቴ ውጉና ክሩን ጣት ያህል አስተርፋችሁ ቁረጡ። ሲፈታም ቀላል ነው።

ሰው ፈትሎ ሊለብሰው በነበረ ባዘቶ ለሚሞሉ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በእጅ የተነደፈ ጥጥ እንደ ፋብሪካው ንጣፍ እርስ በርሱ አልተያያዘም። ስለዚህ ውስወሳውም ዋናው ስፌትም ጠበቅ ማለት አለበት። ረድፉን ከ10 ወደ 6 ሳንቲ አውርዱት። ዋናው ስፌት ሰፋ ካለ ሲታጠብ ጥጡ ይጓጉላል። ያ ከሆነ በኋላ ፍራሽ አዳሽ ቢጠራም አያድነውም። ስታነጥፉ ደግሞ የቀሩ ፍሬዎችን ልቀሙ። መርፌ ፍሬ ላይ ሲያርፍ ወይ ይታጠፋል ወይ ይሰበራል።

ፊቱ ላይ መስመር የመሰለ ጉብታ አለ

ጥጡ ወይም ፋይበሩ አልበቃ ብሎ ሲቀጠል ተደራርቧል። ፋይበር በሜትር ሲገዛ ለትልቅ አልጋ ስፋቱ ላይበቃ ይችላል። የሁለቱን ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ሳይደራረቡ ጠርዝ ለጠርዝ አስጠጓቸው፣ በላላ ዚግዛግ የእጅ ስፌት አያይዟቸው። ክሩን አታጥብቁ፣ ካጠበቃችሁ እዚያው ጉብታ ትሠራላችሁ።

ጉብታው ብዙ ከሆነና አቅጣጫው ዝብርቅርቅ ካለ ግን ፋይበሩ ታጥፎ የቆየበት ምልክት ነው። ከላስቲኩ አውጥታችሁ ከአንድ ቀን በፊት አልጋ ላይ ዘርጉት። የባሰበትን ውሃ እፍ እፍ አድርጉበትና በእጅ አለስልሱት። ማድረቂያ ማሽን ያላችሁ፣ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ፣ ከአንድ እርጥብ ፎጣ ጋር በዝቅተኛ ሙቀት ጥቂት ደቂቃ አዙሩት። ካውያ ግን ፋይበር ላይ አይነካ። ይቀልጣል።

ጥቁር ጨርቅ ላይ ነጭ ጥጥ ወጣ

መርፌው ከስር ጥጥ ይዞ እየወጣ ነው። የደነዘዘ ወይም የወፈረ መርፌ ያደርገዋል። ሳሳ ተደርጎ የተሸመነ ጨርቅም እንዲሁ። ቀጭንና ረጅም መርፌ ቀይሩ። የወጣውን ጥጥ በጣት አትሳቡት። አንዱን ስትስቡ ሌላውን አስከትሎ ይመጣል። በመቀስ አስጠግታችሁ ቁረጡት።

ክሩ ይቋጠራል፣ ይበጠሳል

ስትሰፉ ክሩ እየተጠመዘዘ ይሄዳል። በየተወሰነ ስፌት መርፌውን ልቀቁትና ተንጠልጥሎ ራሱን ይፍታ። ካልተሻለው ክሩን አንዴ በጧፍ ላይ ሳብ አድርጉት። ሰሙ ያለሰልሰዋል። አንዴ ይበቃል፤ በጣም ከተቀባ ጨርቁ ላይ ይቀራል።

ዝም ብሎ የሚበጠስ ክር አርጅቷል። ለውስወሳ ርካሽ ክር ይሆናል፣ የበሰበሰ ግን አይሆንም። በሁለት እጅ ይዛችሁ ድንገት ሳብ በማድረግ ፈትኑት። ከፖሊስተር ይልቅ የጥጥ ክር እመርጣለሁ። ጥጥ ሲያዝ ይበጠሳል፣ ፖሊስተር ግን ጨርቁን ይዞ ይመጣል።

ቀለሙ ነጭ ይሁን። ቀይና ጥቁር ክር ጎልቶ ስለሚታይ ያጓጓል፣ እርጥበት ሲያገኝ ግን ቀለም ሊለቅ ይችላል። ለቆ ከተገኘ ሳይተኮስ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት። ከተተኮሰበት ለማስለቀቅ ይከብዳል።

ምንጣፉ አብሮ ተሰፋ

ይስቃል ሰው፣ ግን ይደርሳል። ምንጣፉን አንሱት። ማንሳት ካልተቻለ በየረድፉ መጨረሻ እጃችሁን ከስር አስገብታችሁ አንሸራቱ። ከያዘ ያንን ረድፍ ብቻ ፍቱ።

ጣት ቆሰለ፣ መርፌው አልወጣ አለ

ከስር የወጣውን የመርፌ ጫፍ በጣት ጥፍር ለማንሳት አትታገሉ። በግራ እጃችሁ የሻይ ማንኪያ ያዙ። የማንኪያውን ጠርዝ መርፌው ብቅ ሊል ካሰበበት ቦታ ፊት ጨርቁ ላይ ጫን አድርጉ። መርፌው ወለሉን ነክቶ ሲመለስ ጫፉ የማንኪያው ጠርዝ ላይ ይወጣል። ማንኪያውን ቀና ስታደርጉት መርፌው አብሮ ይነሳል። አንዴ እጅ ከለመደው ያለ ማንኪያ መሥራት ያናድዳል። የብረት ማንኪያ ይሁን፤ ፕላስቲኩን መርፌው ይበላዋል።

ጉልበትና ወገብ አልቻለም

ወለል ላይ መንበርከክ ለሁሉም አይሆንም። ጉልበት የሚያማቸው እናቶቻችን «ተዉት ይቅር» የሚሉት እዚህ ጋ ነው። መቅረት የለበትም። ጠረጴዛ ላይ ይሠራል።

ከኩዊልቱ ስፋት የሚበልጡ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች ያስፈልጋሉ። ሞራሌ ይሆናል፤ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ለስላሳ ይሁን፣ አሮጌ አንሶላ ጠቅልሉበት። ለ2.20 ስፋት 2.60 ሞራሌ ይበቃል፤ ገበሩ 2.40 መሆኑን አትርሱ። ፊቱን በአንዱ እንጨት፣ ገበሩን በሌላው ጠቅልሉ። ሲጠቀለል ሳይጨማደድ፣ ሳይሳብም። መሃላቸውን እንጨቶቹ ላይ ጭምር ምልክት አድርጉ።

አሁን ከገበሩ ግማሽ ሜትር ያህል ጠረጴዛው ላይ ፍቱ፣ ውስጡ ወደ ላይ። ጥጡን አንጥፉበት። ከፊቱም ግማሽ ሜትር ያህል በላዩ ፍቱ። ምልክቶቹን አገጣጥማችሁ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ወስውሱ። የተወሰወሰውን ወደ እናንተ ሳቡ፣ ቀጣዩን ፍቱ። ከመሃል ጀምሩ ያልኩት እዚህ አይሠራም፣ ከአንዱ ጫፍ ነው የሚጀመረው። ግን ችግር የለውም። የጥቅልሉ ክብደት ሁለቱንም ጨርቆች እኩል ይይዛቸዋል፣ መግፋት የለም። እዚህ ላይ ቀጥ ካለ ስፌት ይልቅ ዚግዛግ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ስፌት ይሻላል፤ ወደ ጎንም ወደ ላይም ይይዛል።

ጠረጴዛው ቢያጥርም የእንጨቶቹ ጫፍ ከጠረጴዛው ቢወጣ ግድ የለም። ጥቅልሉ ወለል ላይ እንዳይንከባለል ብቻ ወንበር አስደግፉት።

ክሩ አልወጣም አለ

ዋናው ስፌት በውስወሳው ክር ላይ አልፏል። አንድ ጫፍ ይዞ ሙሉውን ረድፍ መምዘዝ አይሞከርም፤ ጨርቁ ይሸበሸባል፣ ዋናው ስፌትም ሊበጠስ ይችላል። ከላይ በየሦስትና አራት ስፌቱ ክሩን ቁረጡ። ከዚያ ቁርጥራጩን በወረንጦ አንድ በአንድ ልቀሙ። የተቆለፈውን ወደ ላይም ወደ ታችም ሞክሩ፤ በአንዱ በኩል መውጣቱ አይቀርም። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ውስወሳው ዋናው ስፌት በሚያልፍበት መስመር ላይ እንዳያርፍ፣ ዋናውን ስፌት ቀድማችሁ በጠመኔ ወይም በሳሙና ስባሪ አስምሩ።

ሁሉን በአንድ ቀን አትምዘዙ። ዋናው ስፌት ያለቀበትን ቦታ እየተከተላችሁ፣ ከመሃል ወደ ውጭ ምዘዙ። የዳሩን ረድፍ ግን ጠርዙ በጨርቅ ተከፍፎ እስኪያልቅ አትንኩት። ያ ረድፍ ቀድሞ ከወጣ ሦስቱ ዳር ላይ ይከፈታሉ፣ መቀስ ሲያልፍም ገበሩ ከፊቱ ያንሳል።